ልጄ ፍልስፍና ልማር አለችኝ፤ ምን በልታ ልትኖር ነው?

እትዬ፣ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታክሲ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ሥራ ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጃችን ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትጨርሳለች፤ ጎበዝ ተማሪ ናት። የግዛታችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተቀብሏታል። እሷ ግን ፔንስልቬንያ ያለ፣ ሁለት ሺህ ተማሪ እንኳን የሌለው፣ ሊበራል አርትስ የሚባል፣ ከአንድ ሙያ ይልቅ ብዙ ዓይነት ዕውቀት የሚያስተምር ኮሌጅ ካልገባሁ ብላለች። ምን ልትማሪ ነው ብላት «ፍልስፍና ወይም ታሪክ» አለችኝ። የኮሌጁ ዋጋ በዓመት 86,000 ዶላር ነው። እንረዳችኋለን የሚል ደብዳቤ ልከዋል፤ አልገባኝምና የሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ አያይዣለሁ። ባለፈው ዓመት መኪናዬ ተገጭቶ ለወራት ሥራ ፈትቼ ስለነበር እጃችን አጥሯል። ዘመድ ሁሉ «የት ተቀጥራ ልትበላ ነው?» ይለኛል። እናቷ ዝም ብላለች። ልጄን መከልከል አልፈልግም፤ ነገር ግን አገሬን ጥዬ የመጣሁት እሷ እንደ እኔ እንዳትንከራተት ነው። እባክዎ ይምከሩኝ።

አንድ አባት

ወንድሜ፣

ዘመዶችዎ የሚጠይቁት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ልጅዎም ልትቀየምበት አይገባም። «የምትወጂውን ተማሪ፤ ገንዘቡ በኋላ ይመጣል» የሚለውን ምክር ከእኔ አይጠብቁ። ይህን የሚመክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የቤት ኪራያቸውን ሌላ ሰው የከፈለላቸው ናቸው። እርስዎ ነርስ የሆነችውን የጎረቤት ልጅ ያያሉ፤ ፈተናዋን አለፈች፣ ፈቃድ አወጣች፣ ብዙም ሳይቆይ ሥራ ያዘች። በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ፍልስፍና የተማረው ሰው ግን ጥሩ ሥራ ቢይዝም የሥራው ስም ፍልስፍና ስላልሆነ ማንም ልብ አይለውም።

ቁጥሩንም እንየው። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በቅርቡ ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች በሥራ ገበያው ላይ ምን እንደገጠማቸው በየትምህርት ዘርፉ ለይቶ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሰንጠረዥ ኮምፒውተር ሳይንስ ካጠኑት ወጣቶች ሥራ ያጡት 6.1 በመቶ ሲሆኑ፣ ፍልስፍና ካጠኑት ግን 3.2 በመቶ ነበሩ። ልጅዎ ይህን አግኝታ ከሆነ እስካሁን ፊትዎ ላይ ዘርግታዋለች ብዬ እገምታለሁ። እንግዲያውስ የዚያኑ ሰንጠረዥ ሌላውን ረድፍም ታንብብልዎት፦ ፍልስፍና ካጠኑት ከአሥሩ አራት ያህሉ ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ላይ ናቸው፤ ከኮምፒውተር ሳይንሶቹ ግን ከስድስቱ አንድ ያህል ብቻ። ቡና እየቀዳ የሚኖር ፈላስፋ ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም። የመነሻ ደመወዙም ቢሆን ለኮምፒውተር ሳይንስ ያደላል።

ስለዚህ ልጅዎም ዘመዶችዎም የእውነቱን አንዳንድ ወገን ይዘዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከአሥሩ ስድስቱ በምን ተሻገሩ፣ አራቱስ ምን ይዟቸው ቀሩ የሚለው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ያየሁት፣ ልዩነቱ ከሜጀሩ፣ ማለትም ከዋናው የትምህርት ዘርፍ፣ ስም ይልቅ ልጁ ስንት ዕዳ ተሸክሞ እንደወጣና ከንባቡ ጎን ሌላ ምን ሙያ እንደጨበጠ፣ ረጅሙን የዓመቱን ዕረፍትም የት እንደዋለ መሆኑን ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ የተምታታ ነገር ላጥራ። ልጅዎ ፍልስፍና ለመማር አልተመዘገበችም። በእነዚህ ትንንሽ ኮሌጆች ተማሪ ሜጀሩን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። እስከዚያ ከተፈጥሮ ሳይንስም፣ ከሒሳብም፣ ከኅብረተሰብ ሳይንስም፣ ከኪነ ጥበብም እየቀመሰች ትቆያለች፤ ከመረጠች በኋላም ሜጀሩ የሚወስደው ከጠቅላላ ኮርሶቿ ሲሶውን ያህል ነው። አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ዓመት ላይ ያለች ልጅ «ፍልስፍና» ስትል የምትነግርዎ የዘንድሮ ልቧን ነው። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መረጃ መሠረት፣ ለባችለር ዲግሪ ገብተው ሜጀር ከያዙት ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ቀይረዋል። እርስዎ ከአንድ የሥራ ስም ጋር ስትጣበቅ አይተው ሰጉ፤ እሷ ግን ገና የምትጣበቅበት ጊዜ አልደረሰም። በአንጻሩ ደግሞ በብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ቦታ የተገደበ ነው፤ አንድ ጊዜ ትተውት ከሄዱ በኋላ ልመለስ ቢሉ ያስቸግራል። ይህ ከእርስዎ ወገን የሚቆጠር ነጥብ ነውና ልጅዎ ታስብበት።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የእነዚህ ኮሌጆች ማስተዋወቂያ መጽሔት ያናድደኛል። ሣር ላይ የተቀመጡ ልጆች ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ «አስተዋይ አእምሮ እናንጻለን»። ታክሲ ነድቶ ለሚከፍል አባት ይህ ምን ይነግረዋል? ክፍሉ ውስጥ የሚሠራውን ልንገርዎት።

አሥራ አምስት ያህል ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። የታሪክ መምህሯ ስለ አንድ የሥራ ማቆም አድማ ሦስት ሰነዶች ታድላቸዋለች፤ የፋብሪካው ባለቤት ለባንኩ የጻፈው ደብዳቤ፣ የሠራተኞቹ በራሪ ወረቀትና የከተማው ጋዜጣ ዘገባ። ሦስቱ ስለ አንድ ቀን ያወራሉ፤ በሞተው ሰው ቁጥር እንኳን አይስማሙም። ልጅዎ በሳምንቱ አምስት ገጽ ጽፋ ታመጣለች። መምህሯ ጠርዝ ጠርዙን በእስክሪብቶ ሞልታ ትመልስላታለች፦ «ይህን በምን አወቅሽ?»፣ «ይህ ሰው እንዲህ ማለቱ ምን ይጠቅመዋል?»፣ «ይህ አንቀጽ ከፊተኛው ጋር ይጣላል»። ልጅዎ ታለቅሳለች፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዙዎቹ ያለቅሳሉ። ከዚያ እንደገና ትጽፋለች። ይህ በየሳምንቱ፣ በየኮርሱ፣ ለአራት ዓመት ይቀጥላል። መደበቂያ የለም፤ አምስት መቶ ተማሪ በሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ሳያነቡ መግባት ይቻላል፣ አሥራ አምስት ሰው በከበበው ጠረጴዛ ላይ ግን አይቻልም።

መኪናዎ በተገጨ ጊዜ የኢንሹራንስ ኩባንያው አንድ ሰው መድቦ ነበር። ያ ሰው የእርስዎን ቃል፣ የገጨዎትን ሰው ቃል፣ የፖሊሱን ሪፖርትና የጋራዡን ግምት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማን እንደዋሸ፣ ማን እንደተሳሳተ፣ ማን ሳያይ እንዳየ አድርጎ እንደተናገረ መለየት ነበረበት። ከዚያ አለቃው የሚያምነው፣ ፍርድ ቤት ቢሄድ የማያሳፍር ሁለት ገጽ ጽፎ መፈረም አለበት። ጎበዝ ሰው ደርሶዎት ከሆነ ገንዘብዎ በወቅቱ መጥቷል፤ ሰነፍ ደርሶዎት ከሆነ ለወራት ሥራ የፈቱበት አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ያ ሙያ የሚለመደው የታሪክ መምህሯ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሆስፒታል ውሎችን የሚመረምረው፣ የባንክ ብድር ማመልከቻ የሚያጣራው፣ ለግብረ ሠናይ ድርጅት የገንዘብ ጥያቄ የሚጽፈው፣ ለምክር ቤት አባል የረቂቅ ሕግ ማብራሪያ የሚያዘጋጀው ሰው ሁሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ደግሞም እርስዎ ለምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሕግና የፖለቲካ ቢሮዎች ወደሚበዙበት ወደ ዋሽንግተኑ ኬ ስትሪት የሚጭኗቸው፣ የኋላ መቀመጫ ላይ ላፕቶፕ ከፍተው ጽሑፍ የሚያርሙ ሰዎች አሉ። ወሬ የሚወድ ሲገጥምዎት «ኮሌጅ ምን ነበር ያጠኑት?» ብለው ይጠይቁ። ታሪክ፣ ፖለቲካ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ የሚሉ ብዙ ያገኛሉ። ቀጥለውም «የመጀመሪያ ሥራዎን ማን አስገባዎት?» ይበሏቸው፤ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ይህ የሀብታም ልጅ ቅንጦት ነው፤ ለእኛ ዓይነቱ አይደለም» የሚል ዘመድ ካለ ግን አይቀበሉት። የእኛው የቅኔ ቤት ተማሪ ምን ይማር ነበር? በየዕለቱ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ይመልሰዋል። መጻሕፍት ቤት ሲገባ ደግሞ አንዱን ቃል «አንድም… አንድም…» እያለ በየፈርጁ ማየት ይለምዳል። ከዚያ የወጣው ሰው ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ቤተ መንግሥት ያገለገለው ቅኔ የሥራ መደብ ስለነበረ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ጸሐፌ ትእዛዝ የነበሩት ገብረ ሥላሴ ከዚያው ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ ናቸው። ዛሬም አገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎች በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመልሱ፣ ሎጂክን መሐንዲስ የሚሆነውም ሐኪም የሚሆነውም እንዲማረው አድርገዋል። ጋናዊው ፓትሪክ አዉዋ ደግሞ ስዋርትሞር የሚባለው የፔንስልቬንያ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ተምሮ፣ ማይክሮሶፍት ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ሠርቶ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2002 አሸሲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ከፈተ። ኮምፒውተር ሳይንስና ንግድ የሚማሩት ተማሪዎቹ ፍልስፍናና የአፍሪካ ጥናትም ይማራሉ። ድሃ አህጉር ነን ብሎ አላስቀረውም።

ስመ ጥር ሰዎችን መደርደር ቀላል ነው። ኮፊ አናን ሚኒሶታ ያለው ማካሌስተር ኮሌጅ ነው የተማሩት፤ አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ሚሺጋን ያለው ካላማዙ ኮሌጅ። ልጅዎን በእነሱ መለካት ግን አልወድም፤ ሎተሪ የደረሰውን ሰው አሳይቶ ሎተሪ ግዙ እንደማለት ነው። አንዱን ብቻ ለሌላ ምክንያት ልጥቀስ። ሃሮልድ ቫርመስ አምኸርስት ኮሌጅ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጥንቶ፣ በዚያው ዘርፍ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ጨምሮ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሕክምና የገባው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በካንሰር ምርምር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የጠቀስኩት ስለ ሽልማቱ አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት የተወሰኑ ኮርሶችን፣ ማለትም ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ እና የመሳሰሉትን ነው እንጂ የተወሰነ ሜጀር አይደለም። ፍልስፍና እያጠኑ እነዚያን ኮርሶች ጎን ለጎን መውሰድ ይቻላል። የሕግ ትምህርት ቤትም ሜጀር አይጠይቅም። ነርስነትም ቢሆን አልተዘጋም፤ በሌላ ዘርፍ ባችለር ያለው ሰው የሳይንስ ኮርሶቹን አሟልቶ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል በሚፈጅ የተፋጠነ ትምህርት የነርስነት ዲግሪ የሚያገኝበት መንገድ አለ። ባለቤትዎ ሥራ ቦታዋ ካሉት ነርሶች በዚህ መንገድ የመጣች ልታውቅ ትችላለችና ይጠይቋት። በነገራችን ላይ፣ ዝም ማለቷን የጻፉልኝ እንደ ቅሬታ ነው፤ ግን አስተያየቷን ማን ጠየቃት?

የሚዘጋ በርም አለ። ምህንድስና ዕውቅና ካለው ፕሮግራም ካልወጡ አስቸጋሪ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ኮሌጆች ሦስት ዓመት እዚያ፣ ሁለት ዓመት ትልቅ የምህንድስና ትምህርት ቤት ተምሮ ሁለት ዲግሪ የሚያስገኝ ስምምነት አላቸው፤ ነገር ግን ሒሳቡና ፊዚክሱ ከመጀመሪያው መንፈቅ መጀመር አለበት። የሒሳብ አዋቂነት ፈቃድም በግዛቱ የተወሰነ የኮርስ ብዛት አለው። ልጅዎ ከእነዚህ ወደ አንዱ ልቧ ካዘነበለ «እስኪ ልየው» የሚባል ጊዜ የለም።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ ወረቀቶቹን በደንብ አይቻቸዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከሜጀሩ ይልቅ ጊዜዬን የወሰዱት እነሱ ናቸው።

የትንሹ ኮሌጅ ደብዳቤ «ጠቅላላ ድጋፍ 79,000 ዶላር» ይላል። ደስ ይላል፣ አይደል? አሁን እንፈታታው። ከኮሌጁ የተሰጠው ነጻ ገንዘብ 66,000 ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ነጻ ድጋፍ 5,000። ይህ ሁለቱ የማይመለስ ስለሆነ ከልብ ይቀበሉት። ቀጥሎ «ወርክ ስተዲ 2,500» ይላል፤ ይህ እርዳታ ሳይሆን ደመወዝ ነው፣ ልጅዎ ግቢው ውስጥ ሠርታ በየጊዜው የምትከፈለው። ቀጥሎ «የፌዴራል ብድር 5,500»፤ ብድርን ድጋፍ ብሎ መጻፍ ነውር ነው ብል አይፍረዱብኝ፣ ግን ሁሉም ይጽፉታል። ከ86,000 ነጻውን 71,000 ሲቀንሱ 15,000 ይቀራል፤ ከዚያ ደመወዟንና ብድሯን ሲያነሱ ከእርስዎ ኪስ የሚጠበቀው በዓመት 7,000 ዶላር ነው።

የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከመኝታና ከምግብ ጋር 31,000 ነው፤ ነጻ ድጋፉ 8,000 ብቻ ስለሆነ 23,000 ይቀራል። እንግዲህ በዋጋው ያስደነገጠዎት ኮሌጅ ነው የረከሰው። ሆኖም ከቤት እየተመላለሰች ብትማር የመኝታና የምግቡ 14,000 ይወድቅና የመንግሥቱ ወደ 9,000 ይወርዳል። ይህን ልጅዎ ላትወደው ትችላለች፤ ግን ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ያለበት ቁጥር ነው።

የብድሩን ልክ እንወስን። የፌዴራሉ መንግሥት በወላጅ ለሚደገፍ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ዶላር ያበድራል፤ ሲደመር 27,000 ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ መካከለኛ ደመወዝ ቢሆን እንኳን ይህ ይከፈላል። ከዚህ በላይ እንዳትሄድ። በተለይ ወላጅ በራሱ ስም የሚፈርመውን የፓረንት ፕላስ ብድር አይንኩት፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እሱ ነው፣ ዕዳው ጡረታዎ ድረስ ይከተልዎታል። ኮሌጁ ሊደረስበት የሚችለው በዚያ ብድር ብቻ ከሆነ፣ ፍልስፍናም ሆነ ኮምፒውተር፣ መልሴ አይሆንም ነው።

ታናናሾች ካሏት ከአሁኑ ይወቁ፤ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበሉ ኮሌጆች ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቤተሰቡ ከኪሱ የሚያወጣውን መገመቻ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያስቀምጡ በሕግ ይገደዳሉ። ዊሊያምስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2022 ከድጋፍ ደብዳቤው ብድርን ጨርሶ አውጥቷል። ኬንታኪ ያለው በርያ ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪዎቹ በሙሉ ግቢው ውስጥ ይሠራሉ።

አሁን «የመጀመሪያ ሥራዎን ማን አስገባዎት?» ወደሚለው ልመለስ። ነርስነት ድልድዩን አብሮ ይሠራል፤ ሆስፒታል ውስጥ መለማመድ የትምህርቱ ክፍል ነው። ፍልስፍናና ታሪክ ድልድይ የላቸውም፤ ተማሪው ራሱ ነው የሚገነባው። አጎቷ የሕግ ቢሮ ያለው የክፍል ጓደኛዋ በአንድ ስልክ የምታገኘውን የልምምድ ሥራ፣ ልጅዎ ለማያውቋት ሰዎች ኢሜይል እየጻፈች ልትለምን ነው። ከአሥሩ አራቱ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ጎበዝ ተማሪ ነኝ ብለው በንባብ ተጠምደው አራተኛው ዓመት ላይ ይነቃሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ስታቲስቲክስ ትውሰድ። ከዚያ አንድ የፕሮግራሚንግ ኮርስ፣ ወይም ኢኮኖሚክስ፤ ፍልስፍናን ከሒሳብ ጋር ደርባ መያዝም ትችላለች፣ ሎጂክ የሁለቱም ነውና። ወርክ ስተዲዋን ምግብ ቤት ሳህን በማጠብ አትጨርሰው። ሥራውን መናቄ አይደለም፤ ግን የኮሌጁ የጽሕፈት ማዕከል፣ የመዛግብት ክፍል ወይም የመረጃ ቢሮ ለዚያው ሰዓት ተመሳሳይ ይከፍላል፣ ከዚያ ደግሞ ለሥራ ማመልከቻ የሚጻፍ ነገር ይገኛል። ተማሪዎችን ከሥራ ጋር የሚያገናኘው ቢሮ በገባች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንድትሄድ ያድርጉ። እዚያም ሁለት ነገር ትጠይቅ፦ ክፍያ የሌለው የልምምድ ሥራ ሳገኝ ኮሌጁ የኑሮ ገንዘብ ይሰጠኛል ወይ፤ በዋሽንግተን አካባቢ የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎች ዝርዝር ይሰጠኛል ወይ። ብዙ ትንንሽ ኮሌጆች ለመጀመሪያው ገንዘብ አላቸው፤ የማይጠይቅ ግን አያገኝም። ከትንሽ ኮሌጅ የወጡ ሰዎች ደግሞ እርስ በርስ ይተዋወቃሉና ለአንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ኢሜይል የመመለስ ልማድ አላቸው።

የእርስዎም ድርሻ አለ። እድራችሁ ውስጥ ጠበቃ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዓለም ባንክ የሚሠራ፣ የካውንቲው ሠራተኛ አይጠፋም። «ልጄ ምን ትሆናለች?» እያሉ ከሚጨነቁላቸው «ለሁለት ሳምንት ቢሮህ ቁጭ ብላ ትይ» ይበሏቸው። አማርኛዋንም ማንበብና መጻፍ ትጨርስ፤ መናገሩ ብቻ አይበቃም። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ ክሊኒኩም ፍርድ ቤቱም ቋንቋውን አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን አብዛኞቹ እናታቸውን በአማርኛ ይሰማሉ፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። አራት ዓመት ጽሕፈት የሠለጠነች ልጅ ፊደሉን ብትጨምርበት ያ የሚቆጠር ሙያ ነው።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለሚመጡ አንባቢዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ የእናንተ ሒሳብ ከዚህች ልጅ ይለያል። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ባለው ደንብ ከምርቃት በኋላ የሚፈቀደው የሥራ ጊዜ 12 ወር ነው፤ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ዘርፍ ለተመረቁ 24 ወር ይጨመርበታል። ለእናንተ የሜጀሩ ስም ትልቅ ዋጋ አለው። አንዳንድ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች የኢኮኖሚክስ ትምህርታቸውን በሒሳብ የጠነከረ ብለው ከዚህኛው ዘርፍ አስመዝግበውታል፤ ከመመዝገባችሁ በፊት የየኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ።

ወንድሜ፣ ለእርስዎ የምሰጠው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ቁጥሩ አሁን እንዳለ ከቆየ ትሂድ። ሜጀሩን ለሁለት ዓመት አያንሱባት፤ ይልቅ በየመንፈቁ መጨረሻ «ምን ጻፍሽ? ማንን አወቅሽ? ዕረፍቱን የት ትውያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። ለሦስቱ መልስ እያጣች ከመጣች ያኔ ይቆጡ፤ እኔም አብሬዎት እቆጣለሁ።

መልስ የሚሰጥበት ቀን ብዙውን ጊዜ ሜይ 1 ነውና ጊዜ አይባክን። በዚህ ሳምንት ልጅዎ ራሷ የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ትደውል፤ እርስዎ አጠገቧ ይቀመጡ። 66,000 ዶላሩ አራቱንም ዓመት ይቀጥላል ወይ? ዋጋው ሲጨምር ድጋፉም ይጨምራል ወይ? ውጤቷ ከስንት በታች ከወረደ ይቋረጣል? ብላ ትጠይቅና መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላት ትለምን። ከዚያ ይግባኝ ትበል። የድጋፍ ማመልከቻው ያየው የሁለት ዓመት በፊቱን የግብር ወረቀትዎን ስለሆነ፣ አደጋው ሳይደርስብዎ ያገኙት የነበረውን ገቢ ነው የቆጠሩት። ባለፈው ዓመት ሥራ ፈትተው መክረምዎን አያውቁም። ቢሮው የተለወጠ ሁኔታ አይቶ ሒሳቡን እንደገና የመሥራት ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። የባለፈውን ዓመት የግብር ወረቀት፣ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤና የጋራዡን ደረሰኝ ያያይዙ። ደብዳቤውን ልጅዎ ትጻፈው፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ቀኑና የገንዘቡ መጠን በትክክል ይግባበት።